አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጣው መኪና

ይህ ነገር ከደረሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሙሉውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። መርሳ ላይ ለሽማግሌዎች የተናገርኩት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ስሜ ብርቱካን ነው፤ የሚያውቁኝ ብርቄ ይሉኛል። ያኔ እዚሁ ወልድያ የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በክፍላችን ሴቶች አራት ብቻ ስለነበርን ግሩፕ በተመደበ ቁጥር «አንቺ ጽሑፉን ታይፕ አድርጊ» መባል የተለመደ ነው። እኔ ይህን ገና በመጀመሪያው ዓመት እምቢ አልኩ። ኮዱን የምጽፈው እኔ ነኝ ብዬ ተጣላሁ፣ ጮህኩ፣ አሸነፍኩም። ካሸነፍኩ በኋላም መጮሄን አላቆምኩም። የጻፍኩትን የነካብኝ ሰው ወዮለት።

የፕሮግራሚንግ መምህራችን ለማጠቃለያ ፕሮጀክት ሦስት ሦስት አድርጎ መደበን። «በአካባቢያችሁ ያለ የሰው ችግር ፈልጉ፣ የሚፈታ ፕሮግራም ሥሩ፣ ቦታው ድረስ ወስዳችሁ ግማሽ ቀን ሞክሩት» አለን። ከእኔ ጋር የተመደቡት ሰይድና ሙሉጌታ ናቸው። ሙሉጌታ የፕሮጀክቱ ሽፋን ላይ ስሙ እንዲጻፍ ብቻ የሚመጣ ዓይነት ልጅ ስለሆነ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ በላይ አታገኙትም።

ሰይድ የሀብሩ ወረዳ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ የሚኖሩት ግራና የምትባል ከተማ ነው፣ እሱ ግን ያደገው መርሳ አጎቱ ቤት ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ኮድ ሲጽፍ ከእኔ ይሻላል። ይህን የዛሬ ሁለት ዓመት ብትጠይቁኝ ኖሮ አላምንላችሁም ነበር።

አጎቱ ጋሼ እንድሪስ መርሳ ላይ የወልድያ ሚኒባሶች ተራ አስከባሪ ነበሩ። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ቀድሞ ይጭናል የሚለውን በደብተር ይይዛሉ። ችግሩ የልጃቸው ባል ጣሰው እዚያው ተራ ላይ ሚኒባስ መንዳቱ ነው። ጣሰው ቀድሞ በጫነ ቁጥር «አማቹን አስቀደመ» ይባላል። ከሁሉም በላይ የሚያማርረው ከማል የሚባለው ሾፌር ነበር። ከጋሼ እንድሪስ ጋር ሁለቴ ለመደባደብ ተያይዘው ሰው ገላግሏቸዋል።

ሰይድ ሐሳቡን ያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። መኪኖቹ የመጡበትን ሰዓት መዝግቦ በተራ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም እንሥራ አለ። ጋሼ እንድሪስ ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። ሾፌሮቹን ሰብስበው «ኮምፒውተር አማች የለው፣ ዘመድ የለው። እሱ ያለውን እንቀበል» አሏቸው። ከማልም ተስማማ።

ሥራውን ተካፈልን። ሰይድ መኪና የሚመዘገብበትን ክፍል፣ እኔ በሰዓት እየለየ ተራ የሚያስይዘውን። ኔትወርክ አንድ ቀን ካለ ሦስት ቀን ስለማይኖር ሥራችን በአንዲት ፍላሽ ነበር የሚመላለሰው። እሱ የሠራውን ጭኖ ይሰጠኛል፣ እኔ በላፕቶፔ ላይ ከእኔ ጋር አዋህደዋለሁ።

መርሳ ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ሰይድ ፍላሿን ሰጠኝ። «ብርቄ፣ አንቺ የሠራሽው ውስጥ ሰዓቱን ትንሽ ነክቼዋለሁ፣ እይው» አለኝ። ነክቼዋለሁ የሚለው ቃል ብቻ ነው ጆሮዬ ውስጥ የገባው። ቤት ገብቼ ፍላሿን ስሰካ ላፕቶፑ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ ልተካው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይ አልኩት። የሰይድን ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። በማግስቱ «አየሽው?» ሲለኝ «አዎ፣ አስገብቼዋለሁ» አልኩት።

መርሳ የገባነው የገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ጠዋት ሰዉ ወደ መርሳ ይገባል እንጂ አይወጣም። ወደ ወልድያ የሚሄድ ተሳፋሪ የሚገኘው ረፈድ ሲል ነው። ሾፌሮቹ ግን በማለዳ መጥተው ተራ ይይዙና ቁርስ ይበላሉ፣ ጫት የሚገዛም ይገዛል። ሁለት ሰዓት ላይ ስንደርስ ሦስት መኪኖች ቆመው ነበር። ሰይድ ከአጎቱ ደብተር እያየ አስገባቸው። ከማል አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጣሰው አንድ ሰዓት፣ አንድ ሌላ መኪና አንድ ሰዓት ከሃያ። ከዚያ በኋላ ለመጡት ቁልፍ እየተጫንን ላፕቶፑ በራሱ ሰዓት መዘገባቸው።

ሦስት ሰዓት ገደማ ጋሼ እንድሪስ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። «ስትጀምሩ ኮምፒውተሩ እንደሚላችሁ ጥሩ፣ አሁኑኑ እመጣለሁ» ብለውን ነበር። እኔ በቆርቆሮዋ መጠለያ ሥር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሰይድ ውጭ ቆሞ መኪና ይጠቁማል። ተሳፋሪ ሲበዛ «የመጀመሪያው ማነው?» አለኝ።

«ጎን ቁጥር አርባ አንድ» አልኩት። የጣሰው መኪና ነው።

ሰይድ ዞር ብሎ አየኝ። «ከማል አይደል እንዴ በመጀመሪያ የመጣው?» አለ።

«አንተ ነህ የምታውቀው ኮምፒውተሩ? ላንተ ብዬ እንደገና ልጻፈው?» አልኩት። ዙሪያችን የቆሙት ሳቁ። ሰይድ ሄዶ ለጣሰው ምልክት ሰጠው።

ከማል ቁርሱን በልቶ ሲመጣ የጣሰው መኪና ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል። ከማል ፊት ለፊቱ ቆመና ወደ እኔ ጮኸ። «አንቺ ልጅ፣ ከሱ ቀጥሎ ማነው?»

ዝርዝሩን አነበብኩለት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። የከማል ስም ከሁሉም ታች ነበር። አንብቤ ስጨርስ ነው ነገሩ ልክ እንዳልሆነ የታወቀኝ።

ከማል አልተሳደበም። ወደ ጣሰው መስኮት ሄደ፣ ኮሌታውን ያዘና ግማሽ አካሉን በመስኮቱ ጎትቶ አወጣው። በግንባሩ አፍንጫው ላይ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ቀጭን እንጨት የተሰበረ መሰለኝ። ተሳፋሪው በበሩም በመስኮቱም እየዘለለ ወረደ። አንዲት እናት ዶሮዎቻቸውን እንደያዙ ወድቀው ሰው ረገጣቸው።

የጣሰው ጓደኞች ከማል ላይ ወጡበት፣ የከማል ጓደኞች ደግሞ እነሱ ላይ። ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። አንዱ ከአጠገቤ ያለውን ቆርቆሮ መትቶ ሲነጥር ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የሰው እግር ብቻ ነው የሚታየኝ። አንድ ሰው ወደቀና ፊቱ ከፊቴ ተጋጠመ፣ ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሲረግጡት ዓይኑን እኔ ላይ እንደተከለ ነበር።

ከማል ወደ መኪናው ሮጦ የጎማ መፍቻ ይዞ መጣ። በመጀመሪያ የጣሰውን መኪና የፊት መስታወት አራገፈው። ቀጥሎ ወደ እኛ መጣ። ጠረጴዛውን በእግሩ ሲገለብጠው ላፕቶፔ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። በመፍቻው ሦስት ጊዜ ደበደበው።

በዚህ መሃል ጋሼ እንድሪስ ከለቅሶው እየሮጡ ደረሱ። ጋቢያቸው ተጎትቶ ወድቋል። «ከማል፣ በአላህ!» ብለው መሃል ገቡ።

«ዘመድ የለውም አላልክም ነበር?» አላቸው። መርሳ ውስጥ ትንሽ ትልቁ አንቱ የሚላቸውን ሰው አንተ አላቸው። «ተራዬን ለአማችህ ሸጥከው!» ብሎ ደረታቸውን ሲገፋቸው በጀርባቸው ወደቁና ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ነጩ ቆባቸው ቀልቶ አየሁት።

ከዚያ ከማል ወደ እኔ ዞረ። ከተገለበጠው ጠረጴዛ ጀርባ ቁጢጥ እንዳልኩ ነኝ። «ይህን የጻፈው ማነው?» አለ።

ተራ የሚያስይዘውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለክፍሉ ተማሪ፣ ለመምህሩ፣ ጠዋት እንኳ ለሾፌሮቹ በኩራት ተናግሬዋለሁ። በሕይወቴ መልስ ያጣሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ያን ጊዜ ግን ምላሴ ተሳሰረ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰይድ። በመካከላችን ገብቶ ቆመ። «ስህተቱ የኔ ነው። አጎቴ የሚያውቁት ነገር የለም።»

መፍቻው በግራ ጆሮው በኩል ወረደ። ሰይድ አልጮኸም። ጉልበቱ ታጠፈና ተቀመጠ፣ የሆነ ነገር ሊያስታውስ የፈለገ ይመስል እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ። ደሙ በጣቶቹ መሃል ወጣ። ከማል ደግሞ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ለሦስተኛው ሲያነሳ ከኋላ እጁን ያዙት። ከዚያ በኋላ ከማልንም ሲቀጠቅጡት አየሁ። ፖሊስ ደርሶ ባያወጣው ኖሮ ከእጃቸው በሕይወት አይተርፍም ነበር።

ሰይድን ወደ ወልድያ ያደረሰው ጣሰው ነው። ጤና ጣቢያ ቁስሉን አስሮ ቶሎ ውሰዱት ሲለን፣ የፊት መስታወት በሌለው መኪና፣ አፍንጫው እየደማ ነዳ። እኔ ከኋላ የሰይድን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ንፋሱ የመስታወት ስባሪ ያመጣብናል። በግራ ጆሮው የሚወጣው ደም ቀሚሴን አልፎ ጭኔ ድረስ ሞቀኝ። መንገዱን ሙሉ «ሰይድ፣ እንዳትተኛ» ስለው ነበር። እሱ ተኝቶ ነበር።

አራት ቀን አልነቃም። ሐኪሙ አጥንቱ መሰንጠቁን፣ የግራ ጆሮው እንደማይሰማ ነገረን።

በእነዚህ አራት ቀናት መርሳ ላይ ነገሩ ባሰ። ጋሼ እንድሪስ ከሥራቸው ታገዱ። ተራውን ለአማቻቸው ሸጡ፣ ለማጭበርበር ኮምፒውተር አስመጡ ተባለ። የሰይድ ሁለት ወንድሞች ከግራና መጥተው የከማልን ቤት በድንጋይ ደበደቡ። ቤት ውስጥ የነበረውን የከማልን ታናሽ ወንድም አውጥተው ክንዱን ሰበሩት። ሰይድ ከሞተ ደም በደም ነው ብለው ሄዱ። የከማል ዘመዶችም መሣሪያ አወጡ ሲባል ሰማሁ። ሁሉም የሚጣላው ጋሼ እንድሪስ አጭበርብረዋል ወይስ አላጭበረበሩም በሚለው ነው። መልሱን ልትሰጥ የምትችለው እኔ ነበርኩ። እኔ ግን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አለቅሳለሁ።

በአምስተኛው ቀን ሰይድ ዓይኑን ገለጠ፤ ለመናገር ግን ገና አቅም አልነበረውም። ኮሌጅ ሄድኩና ፍላሿን ከፈትኩ። የሰይድ ፋይል እንዳለ ነበር። ባልከፈትኩት ፋይል ውስጥ አራት መስመር ጨምሯል። ከመስመሮቹ በላይ ሰው ብቻ የሚያነበው፣ ኮምፒውተሩ የሚያልፈው ማስታወሻ ጽፏል።

«ብርቄ፣ አጎቴ የሚያስገቡት በሐበሻ ሰዓት ነው። ላፕቶፑ ደግሞ በፈረንጅ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት የመጣ ሰው ከአንድ ሰዓቱ ኋላ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ ሰዓት ቀይሬዋለሁ። ከፈለግሽ በራስሽ መንገድ ጻፊው።»

ኮምፒውተሩ ያደረገው ይህንኑ ነው። አሥራ ሁለት ከአንድ ይበልጣል፣ ስለዚህ ከማልን ወደ መጨረሻ ወረወረው። ብርቄ በራሷ መንገድ እንድትጽፈው የተለመነችውን አላነበበችውም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች መርሳ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስና ሦስት የአገር ሽማግሌዎች፣ በሼሁ ግቢ። በአንድ በኩል ጭንቅላታቸው የታሰረ ጋሼ እንድሪስና ከግራና የመጡት ወንድሞች፣ በሌላ በኩል የከማል ዘመዶች። ከማልም በዋስ ወጥቶ ነበር፣ ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። ሳልጠራ ገብቼ ቆምኩ።

የጋሼ እንድሪስን ደብተር ተቀብዬ ሰዓቶቹን አነበብኩላቸው። ከዚያ ስለ ኮምፒውተሩ ነገርኳቸው።

ሼሁ ረጋ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአንድ ሰዓት በፊት መሆኑን አያውቅም ነው የምትዪው?»

«አያውቅም፣ አባቴ። ካልነገሩት አያውቅም። ሰይድ ነግሮት ነበር። የጻፈውን ሳላነብ የተውኩት እኔ ነኝ። ጋሼ እንድሪስ አላጭበረበሩም። ሰይድም አልተሳሳተም።»

ከማል «አስተካክሎት ነበር?» አለ።

«አስተካክሎት ነበር» አልኩት።

ከማል የአንገቱን ሻሽ ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ከግራና የመጡት ወንድሞች አንገታቸውን ደፉ። የቀረውን ሽማግሌዎቹ ጨረሱት። ከማል ፍርድ ቤት የፈረደበትን ታስሮ ወጣ፣ ጋሼ እንድሪስ ወደ ሥራቸውና ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። እኔን የወቀሰኝ ሰው የለም። «እውነት በመናገርሽ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ ሼሁ። ቄሱም መረቁኝ። ወልድያ የተመለስኩት ቀሎኝ ነው።

ሰይድ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ክፍል መጣ። ሰው ሲያናግረው ቀኝ ጎኑን ያዞራል። ብቻችንን ስንሆን ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ስለ ፋይሉም ሁሉንም ነገርኩት።

«አውቄያለሁ» አለኝ። «አርባ አንድ ስትዪ ገብቶኛል። እንዳላስገባሽው ያኔውኑ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንዴ ተናገርኩ እኮ። ሰው ፊት ነበርን። አንቺ ከጀመርሽ ደግሞ አታቆሚም። አጎቴ መጥተው ያስተካክሉታል ብዬ ተውኩት።» ቀጥሎም «ለዚህ ነው ለከማልም የኔ ነው ያልኩት። እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፣ የኔም ነው» አለ። አልተቆጣም። እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ፣ ከዚያ ስለ ፈተና ጠየቀኝ።

ዛሬ ሰይድ ከማልን ይቅር ብሎታል፣ መርሳ ላይ ሲገናኙ ተሳስመው ነው የሚያልፉት። እኔንም ይቅር ብያለሁ ይላል፤ ብሎኛልም መሰለኝ። እኔ ግን በእሱ እናደዳለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ለምን አልጮህክብኝም፣ ለምን ላፕቶፑን ከእጄ አልነጠቅከኝም እለዋለሁ በሐሳቤ። ወዲያው መልሱ ይመጣብኛል። ያ ልጅ ብረት የያዘ ሰው ፊት ወጥቶ መቆም አላስፈራውም። የፈራው እኔን ነው።